ከበሮና ትራንዚስተር፦ የምት ማሽን ታሪክና የእኛ ምት

አሞራ ገደል ሳይቀመጥ ከሐዋሳ የተመረቀ ተማሪ አለ ለማለት ይከብዳል። ገንዘብ ከቤት ሲመጣ የቀረሶ ጥብስ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ የዓሣ ሾርባ፣ ደፈር ላለ ደግሞ ጥሬ ዓሣ በዳጣ። ጀልባ ሲደርስ የሚሰለፉትን አባ ኮዳዎች እያየን የስንቱን መምህር ፈተና ተንትነናል፣ የስንቱን ጓደኛ ፍቅር ሸምግለናል። ስለዚያ ቦታ ሁሉም የየራሱ ትዝታ አለው። የእኔ ግን ድምፅ ነው። በየቤቱ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ይዘፍን ነበር፤ ከዘፈኑ ሥር የሚመታው ከበሮ ግን ብዙውን ጊዜ ከበሮ አልነበረም። ቆዳ የለውም፣ እንጨት የለውም፣ የሚመታው እጅም የለም። ሽቦ ነው፤ ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ትራንዚስተር።

እኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስለነበርኩ ነገሩ ዕረፍት ነሳኝ። ለኪስ ገንዘብ ብዬ በከተማው ሰርግ የሚያጅቡ ልጆችን ኪቦርድ እጠግን ስለነበር ደግሞ የማሽኑን ሆድ በቅርብ ለማየት ዕድል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ጥያቄዬ ግን ያው ነው። ማሽን ምታችንን መምታት ሲጀምር ምኑን ያዘልን? ምኑንስ ጣለብን? በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ላይ የማቀርበው ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጉዳዩ የኢንጂነሮች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የታሪክም፣ የባህልም፣ የእንጀራም ጉዳይ አለበት። አቆጣጠሩ እንዳያምታታ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሳሎን ኦርጋን የወለደው ማሽን

ምትን ለማሽን የማስተማር ሐሳብ ከምናስበው በላይ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪ ካውል በእጅ ለመምታት የሚያዳግቱ ተደራራቢ ምቶችን የሚጫወትለት መሣሪያ ቢፈልግ፣ ሩሲያዊው የፈጠራ ሰው ሌዎን ቴርሚን በ1931 ሪትሚኮን የተባለውን ማሽን ሠራለት። መሣሪያው የላቦራቶሪ ድንቅ ሆኖ ቀረ እንጂ ገበያ አልወጣም። ገበያ የወጣው በ1959 ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያቀረበው ሳይድ ማን ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ አለ፤ ዲስኩ ሲዞር የኤሌክትሪክ ንክኪዎችን በተራ እየነካ የቫኪዩም ቲዩብ ድምፆችን ያስነሳል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ኦርጋን ለሚጫወት ሰው አጃቢ እንዲሆን ታስቦ ነው። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ግን ወዲያው ነገሩ ገባው። "ይህ ዕቃ የድራመር እንጀራ ሊወስድ ነው" የሚለው ስጋት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከማሽኑ ተለይቶ አያውቅም።

ቀጣዩ ትልቅ ስም ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። ሰውዬው የሰዓት ጥገና ባለሙያ ነበሩ፤ ኋላ ወደ ሬዲዮና ወደ ኦርጋን ዞሩ። በኤስ ቶን ኩባንያቸው በ1967 ሪትም ኤስ የተባለውን የምት ማሽን ገበያ ላይ አዋሉ። አዝራር ሲጫኑ ቫልስ፣ ሩምባ፣ ቦሌሮ፣ ስሎው ሮክ የሚመታ፣ ምቶቹ አስቀድመው ተሠርተው የገቡበት ሳጥን ነው። በብዙ አገር "ሪትም ቦክስ" የሚለው ስም የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ነው። በ1972 ካኬሃሺ ሮላንድን መሠረቱ። በ1978 ሲ.አር. 78 የተባለው ሞዴላቸው በማይክሮፕሮሰሰር እየታገዘ ተጠቃሚው የራሱን ምት እንዲያስገባ ፈቀደ። በ1980 ደግሞ እስካሁን ስሙ የሚነሣው ቲ.አር. 808 መጣ።

808 ሲወጣ ብዙ አልተወደደም። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሮጀር ሊን የእውነተኛ ድራም ቅጂ በዲጂታል የያዘውን ኤል.ኤም. 1 አውጥቶ ነበር፤ ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ። 808 ዋጋው 1,195 ዶላር ቢሆንም "ድራም አይመስልም" ተባለ። ትችቱ ሐሰት አይደለም፤ አይመስልም። ሮላንድ ወደ 12,000 ያህል አምርቶ በ1983 ሥራውን አቆመ። ነገር ግን ማሽኑ በርካሽ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ሲገባ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ ወደቀ። ማርቪን ጌይ በ1982 በታወቀ ዘፈኑ ተጠቀመበት፤ በዚያው ዓመት አፍሪካ ባምባታ የሂፕ ሆፕን አቅጣጫ የቀየረውን ሥራ በእሱ ሠራ። ድራም አለመምሰሉ በመጨረሻ ሀብቱ ሆነ። የራሱ ድምፅ ነበረው።

ከሽቦ ከበሮ እንዴት ይወጣል?

እዚህ ላይ ኢንጂነር ያልሆናችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያስደስት ነው።

ዲጂታል ማሽን የድራም ቅጂ ያስቀምጣል፤ አዝራሩን ስትነኩት ቅጂውን ያጫውታል። አናሎግ ማሽን ግን ምንም ያስቀመጠው የለም። በተመታ ቁጥር ድምፁን ከኤሌክትሪክ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ለምሳሌ የ808ን ትልቁን ድራም እንውሰድ። ዋናው ነገር ሁለት ሬዚስተርና ሁለት ካፓሲተር ከአንድ ማጉያ ጋር የተያያዙበት ሰርኪዩት ነው። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምንም አይልም። አጭር የኤሌክትሪክ ግፊት ሲደርሰው ግን እንደተገፋ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፤ እየደከመ ሄዶ ይቆማል። ያ የሚሞት ውዝዋዜ ነው በድምፅ ማጉያ ሲወጣ "ዱም" የሚለው።

ሒሳቡን የሚወዱ መምህራን እንዳይቀየሙኝ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ሁለቱ ካፓሲተሮች 15 ናኖፋራድ፣ አንዱ ሬዚስተር 1 ሜጋኦም፣ ሁለተኛው 47 ኪሎኦም ቢሆን ውዝዋዜው በሰከንድ 49 ጊዜ ያህል ይሆናል። ይህ ደረት የሚመታ፣ ከጆሮ ይልቅ በሆድ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሁለተኛውን ሬዚስተር ስታሳንሱት ድምፁ ይቀጥናል፤ ስታሳድጉት ይወፍራል። ከበሮ መወጠርና ማላላት ማለት ነው፣ በሽቦ።

ሌሎቹ ድምፆችም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ስኔር ድራም ሁለት እንዲህ ያሉ ሰርኪዩቶችና በላያቸው የሚረጭ "ሽሽሽ" የሚል ኖይዝ ነው። ኖይዙ የሚገኘው ከአንድ ትራንዚስተር ነው፤ ትራንዚስተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሲሠራ የሚያሰማው ጉርምርምታ ተጎልቶ ይወሰዳል። ሲምባልና ሀይ ሃት የብረት ድምፅ ስለሆኑ ስድስት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ኦሲሌተሮች ተደባልቀው በፊልተር ያልፋሉ። አለመስማማታቸው ነው ብረት የሚያስመስላቸው። ጭብጨባው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። አንድ ኖይዝ በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይከፈትና ይዘጋል፤ ከዚያ ትንሽ ጭራ ይከተላል። ለምን ቢባል ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ እጆች ሁሉ በአንድ ቅጽበት አይገናኙም። የሰርኪዩቱ ሠሪ ያጠናው እጅን ሳይሆን በእጆች መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ስለ 808 የሚነገር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ካኬሃሺም ኋላ ላይ ራሳቸው አስረድተውታል። የማሽኑን ልዩ ጩኸት የሰጡት ከፋብሪካ መስፈርት ወድቀው በውድቅነት የተመደቡ ትራንዚስተሮች ናቸው። የትራንዚስተር አሠራር ሲሻሻል የወደቀ ዕቃ ማግኘት ቀረ፤ ማሽኑን መሥራትም አብሮ ቀረ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምናውቃቸው ክራር ሠሪዎች ትዝ ይሉኛል። ጥሩ ድምፅ ሁልጊዜ ከምርጡ ዕቃ አይመጣም፤ ዕቃውን ከሚያውቅ ጆሮ ነው የሚመጣው።

ሪትም ቦክስ ወደ እኛ ሲመጣ

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ምት የሚሠራው በሰው ነው። የሸክላ ዘመን ነው፤ አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመሩት አምሃ ሪከርድስና ከእሱ በኋላ ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ድራም ሁሉ ላቡ የሚንጠባጠብ ሰው የመታው ነው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ መጣ፤ የምሽት ሕይወት ታፈነ፤ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ ባንዶች አዳራሹ ተዘግቶ ከምሽት እስከ ንጋት መጫወት ለመዱ።

ከእነዚህ አንዱ የሂልተኑ ዋልያስ ባንድ ነው። ዋልያስ በ1981 ለጉዞ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሉ አልተመለሰም። ከቀሩት መካከል የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። ዋሽንግተን ላይ ባንድ ማቆየት ቀላል አይደለም፤ ሰው ሥራ አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ ልምምድ የሚደረግበት ቦታ ኪራይ አለው። ኃይሉ በ1985 አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው ብቻቸውን ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን፤ በቃ። "ሸሞንሟናዬ" የተባለው ይህ ሥራ የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ዘመን ከአዲሱ ኤሌክትሮኒክስ ጋር ያጋባ ነበር። ከዚያ ኃይሉ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታክሲ ሲነዱ ዓመታት አለፉ፤ በ2013 ካሴቱ እንደገና ታትሞ በዓለም ሲሰማ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018ም "ላላ በሉ" የተባለውን አዲስ ሥራቸውን አወጡ።

በዚያው ከተማ፣ በ1984፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ ያሉበት አድማስ የተባለው ቡድን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ያዋሐደ ሸክላ አሳተመ። እነዚህን ሥራዎች ስሰማ አንድ ነገር አስተውላለሁ። ማሽኑ የገባው ድራመር ስለተጠላ አይደለም። ድራመሩ ስለሌለ ነው። ስደት ባንዱን በትኖታል፤ ማሽኑ የጎደለውን ወንበር ሞላ። "ሸሞንሟናዬ" ውስጥ ያለው ያ ደረቅና የማይሰለች ምት ለእኔ የብቸኝነት ድምፅ ነው፤ አንድ ሰው በባዕድ አገር የስድስት ሰው ሥራ ሲሠራ።

አገር ቤት ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። ኪቦርድ በገፋ ቁጥር፣ የያማሃና የካሲዮ ዕቃዎች ምቱንም ቤዙንም ራሳቸው ሲመቱ፣ ሰርግ ላይ ባንድ መጥራት ቅንጦት ሆነ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ይበቃል። የዋጋውን ነገር ማንም አይከራከርም፤ ሰርግ ደጋሹ አባት ሊወቀስ አይገባውም። እኔ ስጠግናቸው የነበሩት ኪቦርዶች ባለቤቶችም በዚያ ሥራ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ልጆች ናቸው። ችግሩ እዚያ አይደለም። ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ያለው ምት የማን ነው የሚለው ነው።

አሥራ ሁለትና አሥራ ስድስት

ቺክቺካን ያልጨፈረበት አንባቢ ይህ መጽሔት የለውም። ቺክቺካ በሙዚቃ ቋንቋ ስድስት ስምንተኛ የሚባለው ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት ይከፈላል። ውበቱ ደግሞ ስድስቱን ንዑስ ምት አንዱ በሁለት ጊዜ ሦስት፣ ሌላው በሦስት ጊዜ ሁለት ሲከፍለው ነው። እጅ በአንዱ ያጨበጭባል፣ ትከሻ በሌላው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

የ808 ፊት ላይ ግን የተደረደሩት አዝራሮች 16 ናቸው። አሥራ ስድስት ማለት አራት ጊዜ አራት ነው፤ የሮክ፣ የፈንክ፣ የዲስኮ ቤት። ማሽኑ ሌላ አይችልም ማለቴ አይደለም። በሦስት የሚከፍል ቅንብር አለው፤ 12 እርምጃ ላይ አቁማችሁ ቺክቺካ ልታስገቡበት ትችላላችሁ። የድሮዎቹ ሳጥኖች ላይም ስሎው ሮክ የተባለው ምት በሦስት የሚከፈል ስለሆነ ፍጥነቱን ስትገፉት ወደ እኛ ሰፈር ይቀርባል። ሆኖም ማሽኑ ሲከፈት የሚጠብቃችሁ በር 16 ነው፤ የእኛ በር በጓሮ በኩል ነው። ሰው ሲቸኩል ደግሞ በፊት ለፊት ይገባል። የ1990ዎቹንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብዙ ካሴቶች ስሰማ ከቺክቺካው ውስጥ የሁለትና የሦስት ጨዋታው ተነቅሎ "ቺክ ቺክ" ብቻውን ሲቀር እሰማለሁ። ምቱ አለ፤ ጨዋታው የለም።

የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ብናይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው ይሉናል ሊቃውንቱ። ማኅሌት ሲጀመር ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ዝማሬው ሲግል በአንገት ይንጠለጠላል፤ መቺው ከነከበሮው ይዘላል። ፍጥነቱም ጉልበቱም ከመዘምራኑ ጋር ይወጣል። ለዚህ ምንም ዓይነት አስቀድሞ የተሠራ ምት አይበቃም። ፍጥነት እዚህ የማሽን ቁልፍ አይደለም፤ የሰዎች ስምምነት ነው።

"ፀሐይ" የሚል ቁልፍ

ከምረቃ በኋላ ደሞዝ ሲኖረኝ የራሴን ማሽን ለመሥራት ተነሣሁ። 808ን ለመቅዳት አይደለም፤ ከበሮን በዚያ ዘዴ ለመሥራት ነው። በቅድሚያ ግን ከበሮን መስማት ነበረብኝ። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከበሯቸውን እንድቀዳ ፈቅደውልኝ በማለዳ ሄድኩ። መቅጃዬን ሳወጣ ቆዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና፣ "ልጄ፣ ቆዳው በርዶታል። ፀሐይ ይምታውና ከቀትር በኋላ ተመለስ" አሉኝ። ተመለስኩ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ ጠንክሮ፣ ቀጥኖ፣ ቶሎ የሚቆም ሆኖ። እርጥብ ቆዳ ይላላል፤ ፀሐይ ያገኘ ይወጠራል። ይህን ማንኛውም ከበሮ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ማሽን ሠሪው ግን ሊያውቀው የሚገባው በቁጥር ነው።

ስለዚህ የሰፊውን አፍ ሰርኪዩት እንዲህ አደረግሁት። ካፓሲተሮቹ ያው 15 ናኖፋራድ፣ ትልቁ ሬዚስተር ያው 1 ሜጋኦም ሆኑ። በትንሹ ሬዚስተር ቦታ ግን የማይለወጥ 10 ኪሎኦምና ከጎኑ በእጅ የሚዞር 10 ኪሎኦም አስገባሁ። ቁልፉ ሲዞር ድምፁ ከ75 ኸርዝ እስከ 106 ኸርዝ ይሄዳል። መሐል ላይ ስታቆሙት 87 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ድምፁም በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ውስጥ ይሞታል። ቁልፉ ላይ "ፀሐይ" ብዬ ጻፍኩበት። ለጠባቡ አፍ በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች፣ በ470 እና በ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች 232 ኸርዝ አካባቢ ወጣ።

ይህ ብቻውን ግን ቱቦ የተመታ ይመስላል። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። የተወጠረ ክብ ቆዳ አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም፤ ከዋናው በላይ 1.59 እጥፍ፣ 2.14 እጥፍ እያለ የሚሄድ፣ እንደ ክር መሣሪያ በሙሉ ቁጥር የማይስተካከል ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰርኪዩት በ138 ኸርዝ አካባቢ ጨመርኩ፤ ድምፁን ቀነስ አድርጌ፣ ቶሎ እንዲሞት አድርጌ። ከዚያ የመዳፉን ድምፅ፤ ከ10 ሚሊሰከንድ የማይበልጥ፣ በፊልተር የታፈነ ኖይዝ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው ከበሮ ከርቀት የተሰማው። ጸናጽሉን በስድስት ኦሲሌተር ከሲምባሉ ዘዴ ወሰድኩ፤ ግን አጭርና ደረቅ አደረግሁት።

ዋናው ፈተና ግን የመጣው ከራሳችን ከተማ ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ፣ ሕዝቡ በሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ሲሰበሰብ የሚሰማው ቄጣላ አለ። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቄጣላ ላይ ምቱን የሚሸከመው ድምፅና እግር ነው። መቶና ሁለት መቶ ሰው በኅብረት ይዘፍናል፣ በኅብረት መሬት ይረግጣል። ያን የእግር ድምፅ የያዘ የኪቦርድ አዝራር አላየሁም። የሰርግ አጃቢዎቹ ልጆች የሲዳምኛ ዘፈን ሲጠየቁ በአቅራቢያ ያለውን ምት ይነካሉ፤ እግሩ ይጠፋል።

መፍትሔው ከጭብጨባው ሰርኪዩት ተገኘ። ጭብጨባ ማለት ብዙ እጅ በትንሽ ልዩነት ሲገናኝ ከሆነ፣ ርግጫም ብዙ እግር በትንሽ ልዩነት ሲወርድ ነው። ስለዚህ ያን ተደጋጋሚ ግፊት ከኖይዙ አውጥቼ ወደ ወፍራሙ ድራም ሰርኪዩት መራሁት። አንድ "ዱም" ሳይሆን እርስ በርሱ የሚደራረብ አራት አምስት "ዱም"፣ በላዩ አፈር የሚመስል ዝቅ ያለ ኖይዝ። ጓደኞቼን አሞራ ገደል ላይ ሰብስቤ በትንሽ ማጉያ አሰማኋቸው። አንደኛው የሲዳማ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ ሰማና፣ "እግሩ አለ፤ ሰዎቹ ግን አይተያዩም" አለኝ። ሲያስረዳኝ፣ ቄጣላ ላይ ርግጫው የሚመጣው ከመሪው ድምፅ ተከትሎ ነው፤ መሪው ሲያዘገይ እግርም ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ማንንም አይጠብቅም።

በዚህ አስተያየት የተነሣ ማሽኔ ላይ አንድ መግቢያ ጨመርኩ። ምቱን ሰዓት ብቻ እንዳይመራው፣ ሰው በእጁ ወይም በእግሩ ፔዳል እየነካ እንዲመራው። አሁን ማሽኑ ይጠብቃል። አነስተኛ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ታሪክ ትምህርት እዚያ ውስጥ አለ። ድምፅን መሥራት ይቻላል። ምት ግን ግንኙነት ነው፤ ማሽን በግንኙነቱ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው የሚያደርገው ሠሪው ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን መንገድ የሄድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እንደገና ሙሉ፣ "ኢትዮጵያን ሪከርድስ" በሚለው ስሙ፣ እንዲሁም ሚካኤል ሰይፉ በ2016 "ዘላለም" በተባለው ሥራው የአገር ቤትን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር በክብር አገናኝተዋል። ሮፍናን በ2018 "ነጸብራቅ"ን ሲያወጣ ደግሞ ይህ ሙዚቃ ከጥቂቶች ጆሮ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገባ። የእነዚህ ወጣቶች ሥራ አንድ ነገር ያሳያል። ማሽኑ ጠላት አይደለም። ስንፍና ነው ጠላቱ፤ ሌላው አስቀድሞ የሠራውን አዝራር ነክቶ መሄድ።

እኛ የሐዋሳ ምሩቃን ደግሞ ቦታችን የተመቻቸ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ከእርሻ ኮሌጅ፣ ከደን ኮሌጅ፣ ከመምህራን ኮሌጅ ተሰባስቦ የተመሠረተ፣ የቴክኖሎጂ ተቋምም ያለው ቤት ነው። ከበሮ እኮ እንጨትም፣ ቆዳም፣ ኤሌክትሪክም፣ ቋንቋም ይጠይቃል። ለከበሮ የሚቆረጠው ዛፍ እየመነመነ እንደሆነ የደን ሰዎቻችን ይነግሩናል፤ ስለ ቆዳው የእንስሳት ሳይንስ መምህራኖቻችን፤ ስለ ሰርኪዩቱ እኛ። አንድ ላይ ተቀምጠን ግን አናውቅም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዘንድሮው መገናኛ ላይ የምናዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ በክልሉና በአጎራባች አካባቢዎች ያሉ የምት አዋቂዎችን ለመቅዳት ይዋል፤ ከበሮ መቺዎችን፣ የቄጣላ መሪዎችን፣ አጨብጫቢ እናቶችን። ቀረጻው በጥሩ ማይክሮፎን፣ በፈቃዳቸውና ተገቢው ክፍያ ተከፍሏቸው ይሁን፤ ሰርግ ላይ ቦታቸውን ማሽን ለወሰደባቸው ሰዎች ቢያንስ ይህን ያህል ዕዳ አለብን። ሁለተኛ፣ ቀረጻው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ለተማሪና ለሙዚቀኛ ክፍት ይሁን፤ የመሳቢያ ጌጥ ሆኖ አይቅር። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሲመርጡ የምት ማሽን አንዱ አማራጭ ይሁንላቸው። የፊልተር፣ የኦሲሌተርና የማጉያ ትምህርት በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚገኝበት፣ በጥቂት መቶ ብር የሚጀመር፣ ውጤቱም ወዲያው በጆሮ የሚፈተን ሌላ ሥራ እኔ አላውቅም።

የእኔ ሰርኪዩት ስዕል ከነቁጥሩ ለማንም ተማሪ ክፍት ነው። የ"ፀሐይ" ቁልፉም፣ የርግጫውም፣ ሰው የሚጠብቀው መግቢያም አለበት። የሚያሻሽለው ልጅ አሁን በአንዱ የላቦራቶሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መምህራኖቻችን፣ እሱን ወይም እሷን ስታገኙ ንገሩን፤ ዕቃውን የምንገዛው እኛ ነን።